ከመቶ ስንት

ባሕሩ በመስኮት፣ እኔ በወንበሩ፤
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባት ጋሊም ሰፈሩ፤
“ጤነኛ” የሚል ቃል ፋይሌ ላይ ተጽፎ፣
ግራ ክንዴ ብቻ ከእጅጌዬ ተርፎ።
ኢንባር ትባላለች የጥናቱ ባለቤት፣
ጥፍሯን የጨረሰች ከሐሳብ ብዛት፤
ክብሪት ቤት የሚያህል ብረት ክንዴ ላይ አስራ፣
ሕጉን አስረዳችኝ፣ ከዜሮ ጀምራ።
“ዜሮ ምንም ማለት፤ መቶ ማለት ደግሞ
ሰው የማይችለው ነው፣ ተቀምጦም ቆሞ።”

ሠላሳ ሁለት ዲግሪ፤ የተኛ ድመት ሆድ።
አርባ፤ የሕፃን ትኩሳት፣ በሌሊት።
አርባ አራት።
አርባ አምስት።
አርባ ሰባት ሲደርስ ብረቱ አፍ አወጣ፣
ክንዴን በስሙ ጠራው።
“ስንት ነው?” አለችኝ።
እንደ ገበያተኛ፣ ቲማቲም እያገላበጠች እንደሚጠይቁት፣
“ስንት ነው?”
እኔም እንደ ዓይን አፋር ሻጭ
ገና ሳትከራከረኝ ዋጋ ቀነስኩላት፦
“ሠላሳ።”

ሃምሳ ነበር እኮ!
ማን ቅናሽ ጠየቀኝ?

የአባቴ ነው ይሄ፤ የያየህ ጓንጉል ውርስ።
ቂርያት ያም፣ ክሊኒክ ውስጥ፣ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣
ሃያ ሁለት ዓመት የመስታወት ፋብሪካ ወለል ላይ ቆሞ
ጉልበቱ ዱባ አክሎ፣
“ከአንድ እስከ አሥር ስንት ያምሃል?” ሲሉት
“ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ያለው ሰው።
አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ፤ አሥራ ሦስት ዓመቴ።
“ደኅና ነኝ ይላል” አልኩ በዕብራይስጥ፣
አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።
ሐኪሙ ዜሮ ጻፈ።
ቃሉን ሳልስት
ሰውየውን ሳትኩት።

ከዚያ ክኒን መጣ፣ ነጭ፣ ፊደል አልባ፤
መድኃኒት ይሁን ዱቄት ማን ሆዱ ውስጥ ገባ?
ኢንባርም አታውቅም፣ እኔም አላውቅ ከቶ፣
ምሥጢሩ ፖስታ ውስጥ፣ በሰም ተዘግቶ።
አንድ ሰዓት ጠበቅን።
ወደቡ ተራ የነሳት መርከብ
ጭነቷን እንደታቀፈች ቆማለች፤
ኢንባር የአውራ ጣቷን ጥፍር ጀመረች።

እንደገና አርባ ሰባት።
ያው ብረት፣ ያው ክንድ፣ ግን ብረቱ ከሩቅ ነው የሚጣራው፣
ከጎረቤት ግቢ፣ ሌላ ሰው የሚፈልግ ይመስል።
“ስንት ነው?”
ሠላሳ ነበር። አሁን የምር ሠላሳ።
ምላሴ ላይ ቆመ፤
ቅድም በውሸት የሰጠኋት ቁጥር፣ አሁን በእውነት መጥቶ፣
ሁለቱ ጎን ለጎን ሲጻፉ
“ክኒኑ ምንም አላደረገም” ሊሉ ነው።
“የመጀመሪያው ሃምሳ ነበር” አልኳት።
“ለምን ሠላሳ አልሽ?”
ለዚህ በየትኛውም ቋንቋ መልስ አጣሁ።
የተጻፈ አይፋቅም አለች፣
ከኅዳጉ ላይ በትንንሽ ፊደል የሆነ ነገር ጫረች፤
ምን እንደጻፈች አላሳየችኝም።

ማታ አውቶቡስ ተሳፍሬ ቤት ገባሁ።
“የት ዋልሽ?” አለ አባቴ፣ እግሩን ዱካ ላይ ሰቅሎ።
“ፈተና ላይ።”
“ከመቶ ስንት አመጣሽ?”
“ሠላሳ።”
“ወድቀሻላ!”
ከት ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም፤ የልጁ ውጤት ነዋ።
እጅጌዬን ገልጬ ቀዩን አራት ማዕዘን አሳየሁት፤
ስለ ብረቱ ነገርኩት፣ ስለ ክኒኑ፣ ስለ ሁለት መቶ ሼክሉ።
“ለመቃጠል ነው የከፈሉሽ?”
“ለመናገር ነው፣ አባ።”

ዝም አለ። ማቀዝቀዣው አጓራ፣ ቆመ።
“ያንተስ ጉልበት? ከመቶ?”
“ደኅና . . .” ብሎ ጀመረ፣
ቀዩን ምልክት ዐየና ቀሪውን ዋጠው።
“አርባ በይው።”
እርሳስ አነሳሁ።
“ተቀምጬ ነው ወይስ ደረጃ ስወጣ?”
“ስትወጣ።”
“እሱማ ጨምሪበት።”
ጨመርኩ።
አንገቱን አስግጎ ወረቀቱን አየ፣
እንደማያምን ገዢ ሚዛኑን እንደሚያይ።
“ገና ነው” አለ፤ “ጨምሪ።”